ሰባት ትሪ፣ ሰባት የኢንዛይም ክፍል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ጥቅምት 12

ተማሪዎችን ኢንዛይም (በሕያው ነገር ውስጥ ኬሚካዊ ምላሽ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ላይ የሚጥላቸው አንድ ግስ ነው፦ «ይሰብራል»። ካታሌዝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ይሰብራል፤ አሚሌዝ ስታርችን ይሰብራል፤ ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝ ፓይሩቬትን ይሰብራል። ሦስቱም ሰባሪ ተብለው ስለሚጠኑ ፈተና ላይ አንድ ምድብ ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያው ግን ኦክሲዶሪዳክቴዝ፣ ሁለተኛው ሃይድሮሌዝ፣ ሦስተኛው ላይኤዝ ነው። ለምደባው ዋናው ነገር ሲሰበር የሆነው ነው፦ ኤሌክትሮን ተላለፈ? ውሃ ገባ? ወይስ ያለ ውሃ ተለይቶ ወጣ?

ዕቅዱ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሰባት ትሪ ማዘጋጀት ነው፤ ለእያንዳንዱ የኢንዛይም ክፍል አንድ። በዓይን የሚታየው በሙከራ ይቀርባል፣ የማይታየው በሞዴል። ተማሪው ቤቱ ሄዶ እንዲደግመው ዕቃው ሁሉ እዚሁ ከተማ የሚገኝ መሆን አለበት።

ከቅዳሜ ገበያ ግማሽ ኪሎ የገብስ ብቅል፣ ሩብ ኪሎ አሻሮ፣ ሽምብራ፣ ስቴኪኒ፣ ቀይ ስር፣ እርድና ቀይ ጥቅል ጎመን ተገዛ። ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ቲንክቸር አዮዲን፣ ባለ 5 እና ባለ 20 ሚ.ሊ. ሲሪንጅ፣ የግሉኮስ ቱቦ፣ ጓንት። እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር እጅ ላይ ነበረ።

ለፕሮቲን ሞዴሉ ደንገል ተቆርጧል፤ ታንኳ የሚሠራበት ያው የሐይቁ ዳር ደንገል ነው። የሚፈለገው ግንዱ ወደ ጫፉ ሲቀጥን ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆንበት ቦታ ነው። ጥላ ላይ ተሰጥቷል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ልጡ ቶሎ ይጨማተርና ግንዱ ይጣመማል። የእምቦጭ ዘንግም ስፖንጅ ስለሆነ አብሮ ተሞክሮ ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ ተጨማድዶ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጥቅምት 15

ትሪ 1፣ ካታሌዝ፣ ኢ.ሲ. 1.11.1.6 (የኢንዛይሞች ዓለም አቀፍ ምደባ ቁጥር፤ የመጀመሪያው አኃዝ ክፍሉ ነው)። ምንጩ ጉበት ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ከሚያወጡት የቆሮሶ ሆድ ዕቃ በነጻ ይገኛል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። 5 ግራም ጉበት በ20 ሚ.ሊ. ውሃ ተወቅጦ ፐርኦክሳይዱ ሲጨመርበት ከሦስት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ አረፋው ገንፍሎ ወጣ። የሚለካ ነገር አልቀረም። በዚያ ላይ አረፋው አረንጓዴ ነበር፤ ጉበቱ ሲወጣ ሐሞቱ ፈንድቶበት ነበርና። የሐሞት ጨው እንደ ሳሙና አረፋ ይይዛል፣ ስለዚህ የአረፋ ቁመት መለካት የጋዙን መጠን አይነግርም። ሐሞት የነካው ጉበት ይጣል።

የተስተካከለው አሠራር እንዲህ ነው። 1 ግራም ንጹሕ ጉበት በሙቀጫ ተወቅጦ በ100 ሚ.ሊ. ቀዝቃዛ ውሃ ይቀላቀላል፤ በነጠላ ይጠለላል፤ ከዚያ 1 ሚ.ሊ. ተወስዶ በ9 ሚ.ሊ. ውሃ እንደገና ይቀጥናል። በዚህ ቅጥነት ጋዙ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በየ10 ሰከንዱ መመዝገብ ይቻላል። ጭማቂው በረዶ ውስጥ ቆሞ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ያደረ ጉበት የሚሰጠው ቁጥር ከትናንቱ ጋር አይነጻጸርም።

ጥቅምት 16

የጋዝ ልኬት። 1 ሚ.ሊ. ፐርኦክሳይድና 4 ሚ.ሊ. ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የጠርሙሱ ክዳን በግሉኮስ ቱቦ ይበሳል፣ ዙሪያው በሻማ ይታሸጋል፤ የቱቦው ጫፍ ሳፋ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ ከተደፋ ባለ 20 ሚ.ሊ. ሲሪንጅ ሥር ይገባል። ሲሪንጁ ከመደፋቱ በፊት መግፊያው ወጥቶ ቀዳዳው መደፈን አለበት። ከዚያ 1 ሚ.ሊ. የጉበት ጭማቂ በሌላ መርፌ በክዳኑ በኩል ይወጋል፤ ይህ 1 ሚ.ሊ. ራሱ አየር ስለሚገፋ ከውጤቱ ይቀነሳል።

የወጣው 14 ሚ.ሊ. ገደማ ነው። የ3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ሌላ ስሙ «ባለ 10 ቮልዩም» ስለሆነ ተማሪዎች 10 ሚ.ሊ. ይጠብቃሉ፤ 14 ሲያዩ ስህተት ሠራን ብለው ይደነግጣሉ። ስህተት አይደለም። 10 የሚለው በ0 ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከ101 ኪሎ ፓስካል ወደ 81 እና 82 ይወርዳል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ነው፤ ጋዙም በውሃ ላይ ስለተሰበሰበ እርጥበት ይዟል። ሦስቱ ተደምረው ያንኑ ኦክሲጅን ወደ 14 ያሰፉታል። በባሕር ጠለል ከተማ፣ በዚያው ሙቀት 11 ገደማ ይሆን ነበር።

ይህ ቁጥር ለሌላም ይጠቅማል። ጉበቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ምላሹ ሲያበቃ የተሰበሰበው ከ14 በጣም ካነሰ ወይ ክዳኑ ያፈስሳል ወይ ፐርኦክሳይዱ ብርሃን መቶት ደክሟል። ዛሬ በተገዛው ሁለተኛ ጠርሙስ 8 ብቻ ወጣ፤ ክዳኑ በሳሙና ውሃ ተፈትሾ ስላላፈሰሰ ጠርሙሱ ተመልሷል። ኢንዛይሙ የሚወስነው ፍጥነቱን ብቻ ነው፣ የመጨረሻውን መጠን ሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር፣ እዚህ ፐርኦክሳይዱ) ይወስናል። የግራፉ ሁለት መስመሮች በተለያየ ቁልቁለት ወጥተው አንድ ጣሪያ ላይ ሲገናኙ ተማሪው ይህን በዓይኑ ያያል።

ካታሌዝ ለምን ክፍል 1 ገባ? ሁለት የፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይገናኛሉ። የአንዱ ኦክሲጅን የኦክሲዴሽን ቁጥሩ ከ−1 ወደ 0 ይወጣል፣ ኦክሲጅን ጋዝ ይሆናል፤ የሌላው ከ−1 ወደ −2 ይወርዳል፣ ውሃ ይሆናል። አንዱ ኦክሲዳይዝ ሲሆን (ኤሌክትሮን ሲያጣ) ሌላው ሪዲውስ ሆነ (ኤሌክትሮን አገኘ) ማለት ነው። «ሰበረ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይደብቀዋል።

ጥቅምት 19

ጭማቂው ለ5 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆየ። ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ከትሪው ጋር በሚቀመጠው ካርድ ላይ «100 ዲግሪ» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፣ 94 ተብሎ ይጻፍ። ለካታሌዝ ይበቃዋል፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም።

ለንጽጽር ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ቀረበ፤ ከተራ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ነው። በውሃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይጨመራል። አልካላይን የሚል ድንጋይ በፍጹም አይከፈትም፤ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ዱቄቱ ሳይፈላም ከፈላም በኋላ ያው ሠራ። ካታሊስት (ምላሽ የሚያፋጥን ነገር) ሁሉ ኢንዛይም አይደለም የሚለውን አረፍተ ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሙከራ የለም፤ ዱቄቱ እንደ ፕሮቲን የሚበላሽ የታጠፈ ቅርጽ የለውም። ካታሌዝ ግን አራት ንዑስ ክፍሎች ተያይዘው የሚሠሩት ነው፣ እያንዳንዱም ብረት የያዘ ሄም አለው። የፕሮቲኑ ቅርጽ ሲፈታ ሄሙ ብቻውን ያንን ፍጥነት አይሰጥም።

በትሪ 1 ላይ የሙዝ ቁራጭም ተጨምሯል። ግማሹ ሎሚ ተቀባ፣ ግማሹ አልተቀባም። የሚያጠቁረው ፖሊፊኖል ኦክሲዴዝ መዳብ አለው። የሎሚው አሲድ ኢንዛይሙን ያዳክማል፣ ቫይታሚን ሲው ደግሞ የተፈጠረውን ኪኖን ወደነበረበት ይመልሳል። ስለዚህ ሙዙ ነጭ ሆኖ መቆየቱ ብቻውን የፒኤች (የአሲድነት መጠን) ማስረጃ አይሆንም። በኮምጣጤ የተቀባ ሦስተኛ ቁራጭ ያስፈልጋል።

ጥቅምት 22

ትሪ 3፣ አሚሌዝ። ከሁሉም ትሪ ለአካባቢው የቀረበው ይህ ነው። በ1833 (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፈረንሳውያኑ ፓየንና ፔርሶ ከብቅል ያወጡትን ስታርች የሚያሟሟ ነገር ዲያስቴዝ አሉት፤ የኢንዛይም ስም ሁሉ መጨረሻ «ኤዝ» የሆነው ከዚያ ነው። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሁሉ ይህን ኢንዛይም በእጁ ይዞታል።

10 ግራም ብቅል ተፈጭቶ በ100 ሚ.ሊ. ለብ ባለ ውሃ፣ በ40 ዲግሪ አካባቢ፣ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል። 1 ግራም የበቆሎ ስታርች በ10 ሚ.ሊ. ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በሚፈላ 90 ሚ.ሊ. ውሃ ላይ እየተማሰለ ይፈስሳል። ዱቄቱ በቀጥታ ፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ የጓጎለው መሀሉ ለኢንዛይም አይደረስበትም፣ አዮዲኑም እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። 5 ሚ.ሊ. ስታርች፣ 1 ሚ.ሊ. የብቅል ጭማቂ፤ በየደቂቃው አንድ ጠብታ ነጭ ሰሃን ላይ፣ አጠገቡም ስታርች ካለ ሰማያዊ የሚሆነው አዮዲን፣ አሥር እጥፍ ቀጥኖ። ሰማያዊ ጥቁር፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ቡናማ፣ በመጨረሻ የአዮዲኑ የራሱ ቢጫ።

አሻሮው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ከ30 ደቂቃ በኋላም ሰማያዊ ነው። ሁለቱም ገብስ ነበሩ፣ አሻሮው ግን አልበቀለም፣ ምጣድም ላይ ተቆልቷል። ተማሪው ራሱ ሊያመጣው የሚችል ማነጻጸሪያ ነው። ብቅሉ ራሱ ምጣድ የነካው ከሆነ ግን ሙከራው ይወድቃል፤ ሲገዛ በፀሐይ የደረቀ መሆኑ ይጠየቅ።

በቤኔዲክት ፈሳሽ (ስኳር ካለ ሲሞቅ ቀለሙ የሚለወጥ) ስኳር ለመፈለግ የተደረገው ሙከራ ተትቷል። ብቅል ከመጀመሪያው በራሱ ስኳር አለው፤ በዜሮ ደቂቃም ጡብ ቀይ ይሰጣል። መከታተል ያለበት የሚጠፋው ስታርች ነው።

ጥቅምት 23

ሙቀት። ውሃው በፔርሙዝ ውስጥ ፈላና ቀዝቃዛ እየተቀላቀለ ይስተካከላል፤ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ለ15 ደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ አይወርድም።

ጠዋት የተገኘው ውጤት በሙሉ ተሰርዟል። በ75 ዲግሪ ቱቦ ውስጥ አዮዲን በቀጥታ ተጨምሮ ቀለም ስላልታየ «ወዲያው ፈጨው» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ኢንዛይም የሌለበት ቱቦም ግን ቀለም አልሰጠም። ስታርች ሲሞቅ አዮዲንን የሚይዝበት ጥምዝምዝ ይላላል፣ ሰማያዊው ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ጠብታው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሰሃን ላይ ይውጣ፣ ግማሽ ደቂቃም ይጠበቅ።

ከሰዓት በኋላ፣ ስታርቹ እስኪጠፋ የፈጀው፦ በ25 ዲግሪ 14 ደቂቃ፣ በ45 ዲግሪ 6፣ በ60 ዲግሪ 3። በ75 ዲግሪ በፍጥነት ጀምሮ ቀይ ቡናማ ላይ ቆመ። ብቅል ሁለት አሚሌዝ አለው፦ አልፋ፣ 3.2.1.1፣ ሰንሰለቱን ከመሀል የሚቆርጥና ካልሲየም የሚፈልግ፤ ቤታ፣ 3.2.1.2፣ ከጫፍ ማልቶዝ እየቆረጠ የሚሄድ። ቤታው ከ65 ዲግሪ በላይ ቶሎ ይሞታል፣ አልፋው ጥቂት ይታገሣል። «ኦፕቲመም» የሚባለው፣ ኢንዛይሙ ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ሙቀትም ያለ ጊዜ ትርጉም የለውም፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ብቻ የለካ ሰው 75 ይላል፣ አሥር ደቂቃ የጠበቀ 60 ይላል። የፈተና ግራፍ ሲነበብ ይህ ይታወስ።

ጥቅምት 27

በትሪ 3 ላይ ሁለተኛ ሃይድሮሌዝ፦ ፓፔይን፣ 3.4.22.2። ያልበሰለ ፓፓያ ዛፉ ላይ እንዳለ ማለዳ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ ይጫራል፤ ጠልቆ ከተቆረጠ የፍሬው ውሃ ወተቱን ያቀጥነዋል። ጓንት ግዴታ ነው፣ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል። አምስት ጠብታ በ50 ሚ.ሊ. ለብ ባለ ትኩስ ወተት ውስጥ ሲገባ በደቂቃዎች ይረጋል። ወተቱ ኮመጥ ያለ ከሆነ በአሲድ ብቻ ይረጋልና ፓፓያ ያልገባበት ብርጭቆ ጎን ለጎን ይቀመጥ። በ70 ዲግሪ ሁለት ደቂቃ ማሞቅ ፓፔይንን አልገደለውም፤ ኢንዛይም ሁሉ 40 ዲግሪ ላይ ይሞታል ብሎ ለሸመደደ ተማሪ ጥሩ ማስተካከያ ነው።

ቁጥሩ እዚህ ላይ መነበብ ይጀምራል። 3 ሃይድሮሌዝ፤ 3.2 የስኳር ግንኙነትን የሚቆርጥ፣ 3.4 የፔፕታይድ ግንኙነትን (አሚኖ አሲዶችን በፕሮቲን ሰንሰለት የሚያያይዘውን) የሚቆርጥ፤ 22 ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሥራውን የሚሠራበት። የመጨረሻው ተራ ቁጥር ነው።

ኅዳር 2

ደንገሉ ደርቋል። ሞዴሉ የእንቁላል ነጭ ላይሶዛይም ነው፣ 3.2.1.17፤ 129 አሚኖ አሲድ ብቻ ስላለው በእጅ ይሠራል። በ1965 በዴቪድ ፊሊፕስ ቡድን በኤክስሬይ ቅርጹ የታወቀው የመጀመሪያው ኢንዛይምም እሱ ነው።

ደንገሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ 129 ቁራጭ፤ 3 ሜትር ባለ 1.5 የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ ተልጦ። ቁራጮቹ መሀል ለመሀል 2 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በኮላ ይያዛሉ። 2 ሴንቲ ሜትሩ በእውነተኛው ፕሮቲን 0.38 ናኖ ሜትርን ይወክላል። 8ቱ ሲስቲኖች፣ 6፣ 30፣ 64፣ 76፣ 80፣ 94፣ 115 እና 127፣ በእርድ ቢጫ ሆኑ። 35 እና 52 በቀይ ስር ቀሉ። በየአሥሩ ቁጥር ተጻፈ፤ ይህ ካልተደረገ ከ60 በኋላ ቆጠራው ይጠፋል።

ኅዳር 5

ሄሊክሶቹ (የሰንሰለቱ ጥምዝምዝ ክፍሎች) በመጥረጊያ እንጨት ላይ ተጠመዘዙ፦ ከ5 እስከ 15፣ ከ25 እስከ 35፣ ከ88 እስከ 99፣ ከ108 እስከ 115። በአንድ ዙር 3.6 ቁራጭ፣ በዙር መካከል 2.8 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱ ወደ ግራ ተጠምዝዘው ስለነበር ተፈትተዋል። የአልፋ ሄሊክስ እንደ ተራ ብሎን ወደ ቀኝ ነው፤ ብሎን አጠገብ አስቀምጦ ማስተያየት ይበቃል።

ከዚያ ሲስቲኖቹን ጥንድ ጥንድ የሚያያይዙት ዳይሰልፋይድ ድልድዮች በቀጭን ሽቦ ታሠሩ። መጀመሪያ 6 ከ127 ጋር ሲታሠር ሰንሰለቱ ቀለበት ሆነና የቀረው በውስጡ አላልፍ አለ። የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ 64 ከ80፣ 76 ከ94፣ ቀጥሎ 30 ከ115፣ በመጨረሻ 6 ከ127።

ሲታጠፍ ሁለት ጉብታ ወጣ፣ በመካከላቸውም ስምጥ። ሁለቱ ቀያይ ቁራጮች፣ በሽቦው ላይ 17 ቁራጭ ተራርቀው የነበሩት፣ በስምጡ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆሙ። አክቲቭ ሳይት፣ ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራበት ቦታ፣ ማለት ይህ ነው። በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤት ያልሆኑ አሚኖ አሲዶች በእጥፋቱ ጎረቤት ይሆናሉ። ስምጡ ስድስት የስኳር ቀለበት ይቀበላል፤ 35ኛው ግሉታሚክ አሲድ ፕሮቶን ይሰጣል፣ 52ኛው አስፓርቲክ አሲድ በኔጋቲቭ ቻርጁ ያግዛል፣ ውሃ ገብቶ ግንኙነቱ ይቆረጣል። ሽቦው ልል ስለሆነ ስኳሩ ሲገባ ጉብታዎቹን በእጅ ጥቂት ማቀራረብ ይቻላል። የፊሸር የ1894 ቁልፍና ጓጉንቸር ያላሳየውን፣ ኮሽላንድ በ1958 ኢንዲውስድ ፊት ብሎ ያመጣውን፣ ኢንዛይሙ ሰብስትሬቱ ሲገባ ቅርጹን ያስተካክላል የሚለውን ሐሳብ፣ ያን ጊዜ እጅ ያውቀዋል።

ዲናቸሬሽን (የፕሮቲን ቅርጽ መፈታት) ለማሳየት እጥፋቱን መፍታት ይበቃል። 129ኙ ቁራጭ አሁንም ሽቦው ላይ ተሰክቶ ነው ያለው፤ መፍላት ፔፕታይድ ቦንድ አይቆርጥም።

ኅዳር 12

ትሪ 4፣ 2፣ 5 እና 6 በአንድ ቀን አለቁ፤ ሦስቱ በሽምብራና በስቴኪኒ የሚሠሩ ናቸው። ሽምብራው ለ8 ሰዓታት ይዘፍዘፍ፤ በጣም ከቆየ ይሰነጠቃል። ነጩ ካርቦን፣ በቀይ ስር የተነከረው ኦክሲጅን፣ ባቄላ ፎስፌት።

ለትሪ 4 ግን ሙከራ አለ፦ 2 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 5 ግራም ስኳር፣ 50 ሚ.ሊ. ለብ ያለ ውሃ፣ ጋዙ በቱቦ ወደ ጠራ የኖራ ውሃ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ይነጣል። አንድ ማንኪያ ኖራ በግማሽ ሊትር ውሃ አድሮ ላዩ ብቻ ይቀዳል፤ ከተነቃነቀ ከመጀመሪያው ነጭ ስለሆነ ምንም አይታይበትም። ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝ፣ 4.1.1.1፣ ባለ 3 ካርቦኑን ፓይሩቬት ባለ 2 ካርቦንና ባለ 1 ካርቦን (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አድርጎ ይለየዋል፤ ውሃ አልገባም።

በትሪ 6 ያው ባለ 3 ሽምብራ ሰንሰለት ተመልሶ ይመጣል፤ ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዝ፣ 6.4.1.1፣ በኤቲፒ (የሴል ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል) ጉልበት አንድ ካርቦን ቀጥሎበት 4 ያደርገዋል። ሁለቱ ትሪዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ላይኤዝ (የሚለየው፣ ክፍል 4) እና ላይጌዝ (በኤቲፒ የሚያያይዘው፣ ክፍል 6) የሚምታቱበት ምክንያት ይጠፋል። በትሪ 2 ሄክሶካይኔዝ ባቄላውን ከኤቲፒ ወደ ግሉኮስ ያዛውራል። በትሪ 5 ያው ግሉኮስ ሽምብራ ሳይጨመር ሳይቀነስ ወደ ፍሩክቶስ ቅርጽ ይለወጣል፤ ተማሪው ራሱ ይቁጠር።

ኅዳር 15

ትሪ 7፣ ትራንስሎኬዝ፣ በሴል ሽፋን በኩል ነገር የሚያሻግር ኢንዛይም። ይህ ክፍል በ2018 እ.ኤ.አ. የተጨመረ ስለሆነ የቆዩ የጥናት ወረቀቶች ስድስት ክፍል ብቻ ይላሉ። እርሾ ስኳር ሲያገኝ ፕሮቶን በሽፋኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የሚገፋው ኢንዛይም 7.1.2.1 ነው። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ሲጨመር ወይን ጠጁ ወደ ቀይ ሮዝ ይሄዳል። በቧንቧ ውሃ አልሠራም፤ ባይካርቦኔቱ ፕሮቶኑን ይውጠዋል። የባትሪ ውሃ ያስፈልጋል፤ ሱቁ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጠርሙሱ በደንብ ይነበብ፣ በተማሪ እጅም አይገዛ።

ማስረጃው ግን ደካማ ነው። እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ውሃውን ያኮመጥጣል። ብርጭቆው ለ5 ደቂቃ በኃይል ተማስሎ ጋዙ ሲወጣ ቀለሙ በከፊል ተመለሰ፣ በሙሉ አልተመለሰም። ከቀረው ውስጥ የፓምፑና የሌሎች አሲዶች ድርሻ በዚህ አይለይም። በካርዱ ላይ እንዲሁ ተጽፏል።

ኅዳር 17

የስም ወጥመዶች በካርድ ጀርባ ተጻፉ። ካይኔዝ ፎስፌት ያዛውራል፣ ክፍል 2። ፎስፋቴዝ በውሃ ይቆርጣል፣ ክፍል 3። ፎስፎሪሌዝ በውሃ ፋንታ በፎስፌት ይቆርጣል፣ ስለዚህ 2። ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ያያይዛል ተብሎ 6 ይመስላል፣ ግን 2.7.7.7 ነው፤ ኑክሊዮታይዱ (የሚያያዘው የዲኤንኤ ክፍል) የራሱን ጉልበት ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ኤቲፒ አይጠየቅም። ኤቲፒ ሲንቴዝ ከ3 ወደ 7 ተዛውሮ አሁን 7.1.2.2 ነው። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ውሃን ቢነካም 4.2.1.1 ነው፤ ውሃውን ያክላል ወይም ያወጣል እንጂ በውሃ አንድ ግንኙነት ለሁለት አይቆርጥም።

የላይሶዛይሙና የአሚሌዙ ካርዶች አንድ ላይ ተሰፍተዋል። ሁለቱም 3.2.1 ናቸው፣ እጥፋታቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ቁጥሩ የሚሰጠው ለምላሹ ነው።

የደንገሉ ሞዴል ከሐይቁ እርጥበት የተነሳ በሌሊት ይለሰልሳል፣ የ30 እና የ115 ድልድይም ይላላል። ቁራጮቹ በቀጭን ቫርኒሽ ይቀቡ፤ ከቫርኒሹ በፊት ቁጥሮቹ በእርሳስ መጻፍ አለባቸው፣ እስክሪብቶ ይፈስሳል።